ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ፣ የአሪየት ግቢ

አስቀድሜ ሰዎቹን በየስማቸው ልጥራ። አሪየት የግቢው ባለቤት ናት፤ አኝዋ፣ ባሏ የሞተባት፣ ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ ቦርዴ እየጠመቀች የምትኖር። ኮንግ ከኢታንግ በኩል የመጣ ኑዌር ነው፤ ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰመረ ጠባሳ ያለው፣ በየበሩ ጎንበስ ሳይል የማይገባ ረጅም ሰው። ቱት የኮንግ ልጅ ነው፤ ከብት ጥበቃ አድሮ እንቅልፍ ላይ እሳት ውስጥ ተንከባሎ ክንዱና ጎኑ የተቃጠለ። ታደሰ የሆስፒታሉ ድሬሰር፣ የጎሬ ልጅ። ወርቄ ባለቤቴ። ትርንጎ ልጄ፣ ያኔ ገና የወተት ጥርሷን የምትነቅል። የቀረሁት እኔ ይመር ነኝ፤ ከወሎ በሰፈራ መጥቼ አቦቦ በኩል በቆሎ የማመርት፣ ፊደልን ያለ አስተማሪ በሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ የለየሁ፣ ሰውን በቀላሉ የማላምን። አለማመኔን ሰዎች እንደ ነውር ይቆጥሩብኛል። እኔ ግን ስድስት ልጅ ያሳደግሁት በመጠርጠር ነው፤ የሚያምን ሰው ያሳደገውን ደግሞ አይቻለሁ።

ባለፈው ኅዳር መነጽር ላሠራ ጋምቤላ ገብቼ ኒውላንድ ላይ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ሁለት ሴቶች አዲስ የታጨደ የጣራ ሣር በራሳቸው ተሸክመው በአጠገቤ አለፉ። ያ ሽታ፣ ግማሹ እርጥብ ግማሹ ፀሐይ የነካው፣ እግሬን ያዘው። አሁን ሰው ሁሉ ቆርቆሮ በሚያለብስበት ከተማ ሣር ለማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ለመዝናኛ ቤት ነው አሉኝ፤ ለጌጥ። ያኔ ሆስፒታል ልጅ ያስተኛ ሰው ሁሉ ዝናብ የሚሸሽበት ጣራ ዛሬ ለቢራ ጠጪ ጌጥ ሆኗል። ባጃጁን ትቼ በእግሬ ወደ ሆስፒታሉ አጥር ሄድሁ። የአሪየት ግቢ ቦታ ላይ ሰማያዊ በር ያለው ፔንሲዮን ቆሟል፤ በሩ ላይ የአልጋ ዋጋ ተጽፏል። ዋጋው አስቆጣኝ፤ ግን ቢያንስ ተጽፏል። የአሪየት ቤት ዋጋ አልተጻፈም ነበር፤ እኔንም ያን ያህል ዘመን ያመሰኝ እሱ ነው።

ጊዜው ክልል የሚባለው ቃል ገና አፍ ያልለመደው ነበር። ባንዲራው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ ሹሙም አዲስ ነበር፤ ሰፋሪ ብቻ አሮጌ ሆኖ ነበር። ከእኛ መንደር ግማሹ ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ተመልሷል። የቀረነው ከተማ ስንገባ ከየት መጣህ ለሚለን ሰው አጭር መልስ እናዘጋጅ ነበር። ከተማዋ ግን ታምር ነበር። ማንጎ በስሙኒ ቁልል ይሰጡሃል፤ ከባሮ የወጣ ክንድ የሚያህል ዓሣ በሁለት ብር። ከድልድዩ ወዲህ ባለው ጥግ፣ ማንጎው ሥር፣ አንድ ልብስ ሰፊ መኪናውን አቁሞ የአዲሶቹን ሹማምንት ቴትሮን ሱሪ ያጠባል፤ ሱሪው ከሌላ ሰው የተወረሰ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ሁሉም ሊያስጠብቡት ይመጡ ነበር። እኛ በረባሶና ካኪ፣ ኑዌሮቹ ትከሻ ላይ የተቋጠረ አንድ ጨርቅ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ የማያልበው ይመስል ካልሲ። ከሻይ ቤቱ ቴፕ አዲስ አበባ የወጣው ዘፈን ሁሉ ወር ሳይሞላው ይጮኻል፤ ወንዙ ዳር፣ ድሮ ከሱዳን የሚመጣው መርከብ ይቆምበት የነበረው አሮጌ መጋዘን ጥላ ሥር ደግሞ፣ የአኝዋ ወጣቶች የብረት ምላስ ያላትን ትንሽ ሳጥን፣ ቶም የሚሏትን፣ በአውራ ጣታቸው እየነካኩ ያንጎራጉራሉ። ዛሬ በዚያ መንገድ ወደ ትየርኪዲ መጠለያ የሚሄዱ ነጭ መኪኖች አንቴናቸውን እያወዛወዙ ይበራሉ። ቶም የሚመታ ግን አላየሁም።

ትርንጎን እሾህ ወጋት፤ እሾህ ሁሉን ይወጋል ብለን ተውነው። ከጉልበቷ በታች አበጠ፣ ወጌሻ አሸው፣ ባሰበት፣ መግል ያዘ። ወርቄ የብር አምባሯን ሸጠችና በእህል መኪና ጭነናት መጣን። ሆስፒታሉ ተቀበለን። አንድ በሽተኛ፣ አንድ አስታማሚ ነው ደንቡ፤ ወርቄ ከልጅቷ አልጋ ሥር ወለል ላይ፣ እኔ ከአጥሩ ውጭ ማንጎ ሥር። ምግብ ከቤተሰብ፣ ልብስ ማጠብ ከቤተሰብ፣ ውሃም ከቤተሰብ ነበር። ታዲያ ቤተሰቡ የት ቁጭ ብሎ ያብስል? ይህን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ሰውን ከሆስፒታል የሚያስወጣው ሞት ወይም ድኅነት ይመስላችኋል፤ እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ከማንጎው ሥር አብሮኝ ያደረ ጎልማሳ ዝናብ ሁለት ሌሊት ሲደበድበው በሦስተኛው ቀን ልጁን ከነፋሻው አቅፎ ወጣ። ድሬሰር ታደሰ እስከ በሩ ተከትሎ «ቁስሉ አልደረቀም እኮ!» እያለ ለመነው። «እኔም አልደረቅሁም» አለና ሄደ።

እኔም በልቤ መንገዱን እያሰብሁ ሳለሁ ነው፣ ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት ፒፓዋን አፍንጫዋ ሥር ይዛ ቆማ ስታየኝ የነበረች የጮኸችብኝ።

«አንተ ደገኛ! ዝናብ አታውቅም?»

«አውቃለሁ» አልኋት።

«ካወቅህ ለምን ትታጠባለህ? ና ግባ።»

ግቢው ሁለት ክብ የሣር ጎጆና አንድ ረጅም ዳስ ነበረው። ከዳሱ ሥር የሰው ጓዝ ብቻ ነው፤ ድስት፣ ጄሪካን፣ የተሰቀለ የሕፃን ጨርቅ። ከመግባቴ በፊት ኪራዩ ስንት እንደሆነ ጠየቅሁ። የለም አለችኝ።

«ስወጣ ነው የሚነገረኝ?»

«ስትወጣ ሣር ታጭዳለህ። አንድ በሽተኛ፣ አንድ ሸክም። ጣራ ይበሰብሳል። ጠዋት ውሃ ከባሮ። እሳት አንድ፣ ድስት አንድ። ተጣልተህ ሁለት እሳት ካነደድህ ትወጣለህ።»

ነጻ ነገር ዋጋው ዘግይቶ የሚመጣ ነው፤ ለልጆቼ ሁሉ ያስተማርሁት ይህንን ነው። ስለዚህ ገባሁ፤ ዓይኔን ግን አልዘጋሁም። በሳምንቴ ደረስሁበት፦ እኛ በየማለዳው ከወንዙ ከምንቀዳው ውሃ እኩሌታው ወደ ቦርዴ ጋኗ ይገባል። አስታማሚው ሁሉ ለሴትየዋ ንግድ ውሃ ቀጂ ሆኗል ማለት ነው። ለወርቄ በመስኮት ነገርኋት።

«ይኸው ያዝኋት!»

«ታዲያ በምን ትኑርልህ? በምርቃት?» አለችኝ ወርቄ። «እኔ ከመጣን ጀምሮ ገና ትናንት ጀርባዬን መሬት አስነካሁ። የዚያ ቤት እናቶች ተራ ገብተው ትርንጎን ጠበቁልኝ፣ እኔ ሄጄ ታጠብሁ፣ ተኛሁ። ከፈለግህ ጋኗን እኔው እሞላላታለሁ።»

እውነቷን ነው፤ የዚያ ቤት ጥቅም ጣራው ብቻ አልነበረም። አንዲት እናት ሁለት አልጋ ትጠብቃለች፣ ሌላዋ ለስድስት ሰው ታበስላለች፣ ሦስተኛዋ የሁሉን ጨርቅ ወንዝ ወርዳ ታጥባለች። ለብቻው የመጣ ሰው ሦስቱንም ራሱ ይሠራል፤ ስለዚህ ይወድቃል። ይህን በዓይኔ ስላየሁ አልክድም። ከማትረፏ ጋር ግን አላስታረቀኝም፤ ለምን ሳትናገር ታተርፋለች ነበር የኔ ጥያቄ።

ድስቱም ነበር። አንድ ድስት ሲሉ እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ከጎኔ የሰፈራ ሙስሊም አለ፣ ከዚያ ወዲያ ጸሎቱን የማላውቀው ሰው አለ። ማን ባረከው፣ በማን እጅ ታረደ የምለውን ሥጋ አልበላም። አሪየት ግን ሥጋ አታበስልም፤ በየቀኑ ዓሣ ነው። ይህም አጠራጠረኝ፤ ለምን ዓሣ ብቻ? ጠየቅኋት።

«ዓሣን ማንም አልባረከውም፣ ማንም አላረደውም» አለችኝ። «ራሱ ሞተ። ሁሉም ይበላል።»

ወሎ ላይ ዓሣ የት አውቅና! አጥንቱን ስለቅም ጉሮሮዬ ውስጥ ነገር እያሴረብኝ ይመስለኝ ነበር። ደግሞም የኮንግ ጉዳይ አለ። ምግብ በቀረበ ቁጥር ያ ረጅም ሰው ይነሣል። ወርቄ ወይም ሌላ ሴት ብቅ ስትል ድርሻውን በቅል ይቀበልና ከአጥሩ ወጥቶ ይሄዳል። ከድስቱ ሲበላ አይቼው አላውቅም። በእኛ አገር ቤት ባለቤት ቀምሶ ካላቀመሰህ፣ አብሮህ የተቀመጠውም ካልበላ፣ ነገሩ ይታወቃል። አንድ ቀን ሳህኑ ፊቴ ሲቀርብ እጄን ሰበሰብሁ።

«አሪየት፣ አንቺ ቅመሺ።»

አሪየት ፒፓዋን አወጣች፤ ከኔ ሳህን ጎረሰች፣ ከወርቄ ጎረሰች፣ ከሁሉም ሳህን እየዞረች ጎረሰች፣ በመጨረሻም ሆዷን መታ መታ አድርጋ «መርዙ ጨው አንሶታል» አለች። ሳቁ እስከ ሆስፒታሉ ክፍል ድረስ ተሰማ ይላሉ። እኔ አልሳቅሁም። በማግስቱ ኮንግን ተከተልሁት።

ወደ ወንዙ ወረደ፤ ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች ሩቅ ዞሮ አለፈ፤ ከአሮጌው መጋዘን ጀርባ ተቀመጠ። ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባውን ወደ ዓለም አድርጎ እየቸኮለ ይበላል። ያንኑ የእኛን ዓሣ! ዞር ሲል አየኝ። ከዚያ ቀን በፊት ሰው በመብላቱ ሲያፍር አይቼ አላውቅም።

«ብቻህን ነህ?» አለኝ ተነሥቶ። «ሚስት አለ? ሴት አለ?»

«የለችም። ለምንድን ነው የምትደበቀው?»

«አንተ ለምን ትከተላለህ?»

ይህንኑ እየተመላለስን አሪየት ዘንድ ደረስን፤ እሷ ናት ያስታረቀችን። ኑዌር ወንድ ዘመዱ ያልሆነች ሴት እያየችው አይበላም፤ ክብር ነው አለችኝ። «ሚስትህን አክብሮልህ ነው።» ደግሞ ወደ እሱ ዞራ በቋንቋው አንድ ነገር አለችው፤ እሱ ወደ ሆስፒታሉ ክፍል ሲገባ ወርቄ የትርንጎን ሳህን በነጠላዋ የምትሸፍነው ለምን እንደሆነ ልታስረዳው ኖሯል። ለካ እሱም ሲጠረጥረን ሰንብቷል፤ የቱት ቁስል የማይጠግገው ሴትየዋ በነጠላዋ ሥር በምትይዘው ነገር ነው ብሎ ያምን ነበር። ወርቄ የምትፈራው ቡዳ ነው ብሎ ማን ያስረዳው? «እህል ከሰው ዓይን ይሸፈናል፤ የደገኛ ሥራ ነው» ብላ አሪየት ዘጋችው። እኔ ግን ሌላ ሐሳብ ገባኝ፦ ሚስቴን ይህን ያህል የሚያፍራት ለምንድን ነው? ለወርቄ ነገርኋት። «አሁንስ አበዛኸው!» ብላ ቀኑን ሙሉ ሳቀችብኝ።

ከዚያ ሳቅ የጠፋበት ቀን መጣ። ታደሰ በረንዳ ላይ ጠራኝ። መግሉ አጥንት ገብቷል፤ ሐኪሙ ከፍቶ ያጥባል፤ ነገር ግን ልጅቷ ደም አጥሯታል፣ ፊቷ ነጭ ጨርቅ መስሏል፤ ደም ካልተገኘ መክፈት አይቻልም፤ ካልተከፈተ ደግሞ እግሩ ከጉልበቷ በላይ ይሄዳል። እግር የሌላት የገበሬ ልጅ ምን ትሆናለች? ማን ያገባታል? ውሃስ እንዴት ትቀዳለች? ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሴ ውስጥ ገባ። እጅጌዬን ሰብስቤ ላብራቶሪ ሄድሁ። ታደሰ ተመልሶ መጣና «ጋሽ ይመር፣ የእርስዎ አይገጥምም» አለኝ።

«የገዛ ልጄ!»

«የእናቷን ደም ወስዳ ነው፤ ያለ ነገር ነው።»

ዓይኔ ሳላዝዘው ወደ ወርቄ ሄደ። «ወደኔ ምን ታያለህ?» አለች፣ በዚያ ጭንቀት መካከል እንኳ። የእሷ ይገጥማል፤ ወባ ግን ይዟታል፤ ቆማ መንቀጥቀጥ ጀምራ ነበር። የአሪየት ቤት ባይኖር ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር፤ ባዕድ ከተማ ውስጥ ደም ማንን ትለምናለህ? አሪየት ግቢ መካከል ቆማ በሦስት ቋንቋ ጮኸች። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ፤ ደሙ ይሸጣል፣ የሰጠ ሰው ይመነምናል ይባል ነበር። ኮንግ ተነሣ።

«እኛ ከላም አንገት ደም እንወስዳለን» አለ። «ላም አይሞትም። እኔም አልሞትም።»

ገጠመ። መርፌው ክንዱ ላይ ሳለ፣ ጠርሙሱ ሲሞላ እያየ ታደሰን ይጠይቀው ጀመር፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

«ይህ የት ይገባል?»

«ልጅቷ ውስጥ።»

«ስትድን ይወጣል?»

«አይወጣም። እሷ ጋ ይቀራል።»

ጥቂት አሰበ። «እሺ። ልጄ ናት።»

ታደሰን ጎትቼ አወጣሁት። «ልጄ ናት ማለት ምን ማለት ነው? ለአባባል ነው አይደል?»

«ጋሽ ይመር፣ ደሙን ይቀበሉና ቃሉን ይተዉለት» አለኝ።

ደሙን ተቀበልሁ፤ ቃሉን ግን አልተውሁትም፤ ልቤ ውስጥ አስቀመጥሁት። ትርንጎ ተከፈተች፣ ታጠበ፣ እግሯ ተረፈ። በማግስቱ አሪየት ለኮንግ የዓሣ መረቅ ሠራችለት። ወርቄ ከወባዋ ተነሥታ ዳሱ ሥር ተቀምጣለች። ኮንግ ይነሣል ብለን ስንጠብቅ ቅሉን ተቀበለ፣ ወርቄን ቀና ብሎ አያት፣ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ መብላት ጀመረ። ዘመዱ ሆነች ማለት ነው። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ፤ ወርቄ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ይህ ሰው በዚያ ጠርሙስ ደም ምን ምን ገዝቶ ይሆን እያልሁ አሰላ ነበር።

ጥርጣሬዬ ያለ ምክንያት አልነበረም። ስንወጣ እኔ የትርንጎን አንድ ሸክም ሣር አጨድሁ፤ ኮንግ ሁለት አጭዶ መጣ። «አንዱ ለቱት፣ አንዱ ለትርንጎ» አለ። ነገ ጣራውን ለልጅህ ከፍዬልሃለሁ እንዳይለኝ ተመልሼ ሄጄ ሌላ ሸክም አጨድሁ። ከሁለታችን ግን ማንም አላሸነፈም፤ ያተረፈችው አሪየት ናት። በዚያ ሣር ሦስተኛ ጎጆ ጣራ ለበሰ፤ ከእኛ በኋላ የመጡት ሰዎች ማንጎ ሥር አላደሩም ብለው ነገሩኝ። ሰው መልካም የሚሠራው አንዳንዴ ጎረቤቱን ላለማመን ሲል ነው፤ ይህንንም ለልጆቼ ነግሬአለሁ፤ ምን ያህል እንደገባቸው አላውቅም።

ዓመታት ሄዱ። መንደራችን ውስጥ የተተከለው ማንጎ አፈራ፤ በቆሎ ረከሰ፣ ተወደደ፤ ካሴት ቀርቶ ልጆቹ ዘፈን በኪሳቸው መያዝ ጀመሩ። ትርንጎ አደገች፤ ታነክሳለች፣ ግን ትሠራለች፣ ቀልደኛ ናት። የጎረቤት ልጅ ሽማግሌ ላከባት። በሠርጉ ቀን፣ ዳሱ ሞልቶ ሰው ሊበላ ሲል፣ በመንደሩ መግቢያ ሁለት ረጃጅም ሰዎች ጦራቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ብቅ አሉ። ሰው ተንጫጫ፤ ያ ጊዜ ጦር የያዘ እንግዳ የሚያስቅ አልነበረም። ኮንግ ነው፤ ጸጉሩ ሸብቷል። ከጎኑ ቱት፣ እሱን አክሎ፣ ግንባሩ ተሰምሮ።

«ይመር!» አለ፤ አቶ የለ፣ ጋሼ የለ። «ትርንጎ አገባች ሰማሁ። ላሜ የት አለ?»

እውነቱን ልናገር? ከመፍራቴ በፊት ደስ አለኝ። ያ ሁሉ ዓመት «ሰውን ትጠረጥራለህ» ሲለኝ ለኖረው ሁሉ፣ በተለይ ለወርቄ፣ ይኸው ዕዳው በእግሩ ቆሞ መጣ! ሽማግሌዎች መካከል አስቀመጥነው። እነሱ ጋ ሴት ልጅ ስትዳር የወንዱ ወገን ከብት ያመጣል፤ ከብቱን የልጅቷ ዘመዶች ሁሉ በየድርሻቸው ይካፈላሉ። ደሙ በልጅቷ ውስጥ ነው፤ ድርሻ አለው። ነገሩ ይኸው ነበር፤ አልዋሸም፣ አላታለለም።

«ኮንግ፣ ከብት የሚባል አልመጣም» አልሁት። «እኛ ጋ ወንዱ የሚያመጣው ጥሎሽ ነው።»

«ጥሎሽ ስንት ላም ነው?»

«ቀሚስ ነው። ጫማም አለ።»

«ስንት ቀሚስ?»

«ሁለት።»

ወደ ቱት ዞሮ ተረጎመለት። ቱት ሰማዩን አየ። «ደሜ በሁለት ቀሚስ ሄደ?» አለ ኮንግ። ከጀርባ አንድ ጎረምሳ ሳቀ፤ በዓይኔ ገሠጽሁት። የባሰውን ደግሞ መናገር ነበረብኝ፤ ለጎጆ መውጫ አንድ ወይፈን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

«ልጅም ሰጠህ፣ ወይፈንም ሰጠህ?»

«አዎ።»

«ማን አሸነፈህ? ጦርነት ነበር?»

«ወጋችን ነው።»

ከዚያ ተነሣ፤ ወርቄ እየሮጠች ያመጣችለትን ሳህን አልነካም፤ ልጁን አስከትሎ ሄደ። ሠርጉ ተበላሸ። የሙሽራው አባት «ይህ ሰው ሰው ይዞ ይመለሳል፤ በደም የተያዘች ልጅ መሆኗን ሳትነግረኝ ነው የዳርህልኝ» ብሎ ጮኸብኝ። ጋብቻው ይቆይ፣ ልጅቷ አባቷ ቤት ትቆይ የሚሉ ተነሡ። ትርንጎ የሙሽራ ልብሷን እንደለበሰች ቆማ «የቱ ደሜ ነው የሚቆየው? በየትኛው እግሬ ነው ቆሜ የምጠብቀው?» አለች። ሙሽራው ይህን ሲሰማ እጇን ይዞ ወሰዳት። ያ ልጅ ያን ጊዜ ነው ልቤን ያገኘው። ወርቄ ግን አኮረፈችኝ። «ሰውየው ጾሙን ከቤቴ ወጣ» እያለች የምሬቷን ለድስት ለምጣዱ ስትነግር ሰነበተች።

በመልሱ ዕለት ኮንግ መጣ። ሰው አልያዘም፤ ቱትንና አንዲት ቡራቡሬ ላም ይዞ ነው፣ ከኢታንግ በእግር ነድቶ። ላሟን ሰው መካከል አቆማት።

«በመንገድ አሰብን» አለ። «የእናንተ ወግ ክፉ ነው። ግን እናንተ ጋ አባት ይሰጣል። ልጄ ናት ብያለሁ። ምን ሰጠሁ? ምንም። አፈርሁ፣ ሄድሁ። ይኸው።»

ለካ ያኔ ሳህኑን ያልነካው ተቆጥቶ አልነበረም። ሴቱ እልል አለ። እኔ ምን አደረግሁ? ወደ ላሟ ሄጄ አፏን ከፍቼ ጥርሷን አየሁ።

«አርጅታ መሰለህ?» አለ ኮንግ።

«ልማድ ነው፤ አትቀየመኝ።»

«እኔም ከዳሱ ሥር የሰጠኸውን ወይፈን አይቻለሁ» አለኝ። «ያንተ ከሲታ ነው።»

ተቀምጦ በላ፤ ወርቄ እያየችው፣ ትርንጎ እያየችው፣ የሴቱ ወገን ሁሉ እያየው።

ሙሽሮቹ ጎናችን ቤት ስለሠሩ ላሟ በእኔ በረት አደረች። በእኛ በኩል ዝንቡ ከብት አያኖርም፤ ገንዲ ይገድለዋል። ይህን እያወቀ ነው የሰጠኝ ወይስ ሳያውቅ ብዬ ለአንድ ወቅት ሙሉ አሰብሁበት። ሁለት ጊደር ወልዳ፣ አሳድጋ፣ በገንዲ ሞተች። ጊደሮቹ ለኮርማ ሲደርሱ ኮንግ ብቅ አለ።

«ወንድም ያገባል» አለ።

«የማን ወንድም?»

«የትርንጎ። ቱት። ዘመድ ሁሉ ከብት ይሰጣል።»

ሽማግሌ አልጠራሁም፤ ክርክሩን አስቀድሜ አወቅሁት። ልጄ ናት ብሎ እንደ አባት ላም ሰጥቷል፤ እንግዲህ የወንድሟ አባት እኔ ሆኛለሁ። ሁለቱን ጊደሮች ነድቼ ኢታንግ ድረስ ሄድሁ። እዚያም ከሰው መካከል አስቀምጠው ዘመድ ነው ብለው ስሜን ጠሩ፤ እኔም ሴቶቹ ባሉበት መብላት ይገባኝ እንደሆነ፣ አይገባኝ እንደሆነ ሳላውቅ በረሃብ ዋልሁ።

እንግዲህ ይህ ነገር ሁላችንን ያስወጣንን ልደምር። አሪየት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስንት ዘመን ዓሣና ማገዶ አወጣች፤ ከቦርዴው ያተረፈችውን ቀንሼ ነው የምለው። ወርቄ የብር አምባሯን፤ ሌላ ገዝቼላታለሁ፣ እንደ ፊተኛው አይደለም ትላለች። ትርንጎ ሩቅ መንገድ ስትሄድ የሚያነክስ አንድ እግር። ኮንግ አንድ ጠርሙስ ደም፣ አንዲት ላም፣ ሁለት ሸክም ሣር። እኔ ሁለት ሸክም ሣር፣ አንድ ወይፈን፣ ሁለት ጊደር። ጊደሮቹ ከእሱ ላም መወለዳቸውን አልካድሁም፤ ከገንዲ አትርፌ ያሳደግኋቸው ግን እኔ ነኝ። ወይፈኑ የአባት ግዴታ ነው ብዬ ብተወው እንኳ፣ አንዲት ላም ገብታ ሁለት ጊደር ወጥተዋል፤ በአንዲት ጊደር እበልጣለሁ። ሰሞኑን የቱት የመጀመሪያ ሴት ልጅ ታጨች፣ ከብቱም እየተነዳ ነው ብለውኛል። ሳይከፋፈል ልድረስ፤ አያቷ ነኝ፣ ድርሻዬን እጠይቃለሁ።